መንፈሳዊ ውጊያ፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ልጆቹ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄዎች

ሰንበት ትምህርት ቤት ታዳጊዎቹን አስተምራለሁ፣ ቀን ኮምቦልቻ ሥራ እውላለሁ ማታ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ ነው የማድረው፣ ግማሹን ጥያቄ እዛው ሚኒባስ ውስጥ ነው የተጠየቅኩት ብል ውሸት አይሆንም። ቄስም ዲያቆንም አይደለሁም። መልሶቹ ከአባቶች የሰማሁት፣ ያነበብኩት እና ራሴ የወደቅኩበት ተቀላቅሎ ነው፣ ስለዚህ ከበድ ያለ ነገር ያለበት ሰው የኔን ጽሑፍ ይዞ ቤቱ እንዳይቀመጥ፣ ንስሐ አባቱ ጋ ይሂድ።

መንፈሳዊ ውጊያ ሲባል ግን ምን ማለት ነው? እንደ ፊልሙ መጮህ መንከባለል ምናምን ነው?

ኧረ አይደለም። እሱም አለ፣ ወንጌል ላይም አለ፣ ግን አብዛኛው ሰው ዕድሜውን ሙሉ አንዴም ሳይጮህ ነው የሚዋጋው ወይም የሚሸነፈው። ሁሉም ሰው የሚጠቅሰው ኤፌሶን 6 ነው፣ ጳውሎስ ታስሮ እያለ የጻፈው፣ «መጋደላችን ከደምና ከሥጋ ጋር አይደለምና» የሚለው። እሱን ሁሉም በቃሉ ይለዋል፣ አንድ ቁጥር ከፍ ብሎ ያለውን ግን ብዙ ሰው ዘሎት ያልፋል፣ «የዲያብሎስን ሽንገላ» ይላል እኮ። ሽንገላ! ጉልበት አላለም። መሸንገል ምን እንደሆነ ደግሞ ለአማርኛ ተናጋሪ ማስረዳት አያስፈልግም፣ የሚሸነግልህ ሰው አይቆጣህም፣ ያቆላምጥሃል፣ ያዝንልሃል፣ «ዛሬማ በጣም ደክሞሃል፣ ነገ ጠዋት በደንብ ትጸልያለህ» ይልሃል፣ ይሄን ሲልህ ድምፁ የራስህ ድምፅ ነው። ለዛ ነው ማታ ማታ ማንም ሳያስገድደን ስልኩን ይዘን ስድስት ሰዓት የምናልፈው።

እኔ መነኩሴ አይደለሁም፣ ይሄ ነገር እኔን ይመለከተኛል?

ክርስትና ተነስተሃል አይደል? ወንድ ከሆንክ በ40 ቀንህ ሴት ከሆንሽ በ80 ቀንሽ ክርስትና አባት ወይ እናት ይዘውሽ ፊታቸውን ወደ ምዕራብ አዙረው ሰይጣንን ክደውልሻል፣ ከዛ ወደ ምሥራቅ ዞረው እምነትሽን መስክረውልሻል። አንገትሽ ላይ ያለው ማዕተብ የዛ ቀን ነው። ወታደር ሆነሽ ተመዝግበሽ አልቋል፣ አሁን «እኔን ይመለከተኛል?» ማለት ትንሽ ዘግይቷል።

ክፉ ሐሳብ ቢመጣብኝ እሱ ራሱ ኃጢአት ነው?

ይሄ ከሁሉም በላይ የሚጠየቅ ነው፣ በጣም የሚጨነቁበት ልጆችም አሉ፣ ስለዚህ ትንሽ ላስረዝመው።

አባቶች ኃጢአት በኀልዮ በነቢብ በገቢር ነው ይላሉ፣ በማሰብ በመናገር በመሥራት። ስለዚህ በሐሳብም ይሠራል። ግን መምጣቱና መቀበሉ አንድ አይደለም። የበረሃ አባቶች ይሄን ደረጃ በደረጃ ለያይተው ነው ያስቀመጡት፣ መጀመሪያ ሐሳቡ ብልጭ ይላል (እዚህ ላይ ጥፋት የለብህም፣ የጌታም ፈተና ከውጭ መጥቶ የተነገረው ነገር ነው)፣ ከዛ ቁጭ ብለህ ታወራዋለህ፣ ከዛ ትስማማለህ፣ ከዛ ይይዝሃል፣ በመጨረሻ ልማድ ሆኖ አንተን ይነዳሃል።

በኔ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። አንድ ቀን ሥራ ቦታ አንድ ሰው ሰላም ስለው አገጩን ብቻ ነቅነቅ አድርጎ አለፈ። በቃ ይሄው ነው የሆነው። ኮምቦልቻ መናኸሪያ ሚኒባስ ውስጥ ቁጭ ስል ነገሩ ትዝ አለኝ፣ ሐረጎ ዳገቱ ሲጀምር «ለምን እንደዛ አደረገኝ?» ማለት ጀመርኩ፣ የመጀመሪያዎቹን ጠመዝማዞች ስንጨርስ ባለፈው ዓመት ያደረገኝንም ጨምሬ ቆጥሬያለሁ፣ ጭጋጉ ውስጥ ስንገባ የምመልስለትን መልስ አዘጋጅቻለሁ፣ እሱ ሲመልስ እኔ ስደግም፣ ሰው ሁሉ ሲሰማ፣ እሱ ሲያፍር። ደሴ ስደርስ ልቤ ይመታል፣ እጄ ይሞቃል፣ ረዳቱ መልስ ሲሰጠኝ 5 ብር አጎደለ ብዬ ጮህኩበት። 25 ኪሎ ሜትር አይሞላም መንገዱ። ሰውየው ምንም አላደረገኝም፣ በማግስቱ ስሰማ ለካ ጥርሱን አሞት ነበር።

እና ጥፋቴ የቱ ጋ ነው? መናኸሪያው ላይ ትዝ ያለኝ አይደለም። ዳገቱ ሲጀምር ጥያቄውን ተቀብዬ ማውራት የጀመርኩት ነው። እዛ ጋ ቢሆን በአንድ «አቤቱ ማረኝ» ይመለስ ነበር፣ ጭጋጉ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ግን በጣም ነው የሚከብደው። ዝሙትም ቅናትም ልክ እንደዚሁ ነው። ለወጣቶቹ ደግሞ በግልጽ የምነግራቸው፣ ማታ ስልኩን ከምትተኙበት ክፍል ውጪ ቻርጅ ሰኩት፣ ትራስ ሥር አድርጋችሁ ተኝታችሁ ከዛ ሌሊቱን ሙሉ «ተዋጋሁ» አትበሉ፣ እሱ ውጊያ አይደለም ጠላትን አልጋ ላይ አስተኝቶ ማደር ነው።

«በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ» የሚለውስ?

ኤፌሶን 4 ላይ ነው፣ ቀጥሎ «ለዲያብሎስም ፈንታ አትስጡት» ይላል። ፈንታ ድርሻ ነው፣ ያደረ ቁጣ እሱ የሚዘራበት መሬት ነው ማለት ነው። ደሴ ላይ ደግሞ ፀሐይ ጦሳ ተራራ ጀርባ ቶሎ ስለምትገባ እኛ ከኮምቦልቻ ሰዎች ቀደም ብለን መታረቅ አለብን ብዬ ልጆቹን አስቃቸዋለሁ።

ጎረቤቴ መተት አሠርቶብኛል፣ ምን ላድርግ?

ቆይ፣ እንዴት አወቅክ? ከዚህ ነው መጀመር ያለብን።

እኛ ግቢ አንድ ጊዜ በር ሥር በጥቁር ክር የተጠመጠመ እንቁላል ተገኘ። ያገኘችው ጠዋት ውሃ ልትቀዳ የወጣች ተከራይ ናት፣ ጀሪካኗን ጥላ ጮኸች፣ የግቢው ሰው ሁሉ ጫማውን ሳያጠልቅ ወጣ። አንዱ ጸበል ይረጭበት ይላል፣ አንዷ በእጅ እንዳይነካ በእንጨት ገፍታችሁ አቃጥሉት ትላለች፣ እናቴ ደግሞ ምንም ሳትናገር ከፊት ለፊት ያለውን ቤት አየች። ክረምት ላይ በጎርፍ ቦይ ምክንያት ትንሽ ቅያሜ ነበረቻቸው። በቃ ያቺ አንድ እይታ በቂ ነበረች። የፊት ለፊቷ እናት ሙስሊም ናቸው፣ እኔ እማማ ነው የምላቸው፣ እኔን ራሱ አዝለውኛል፣ ከእናቴ ጋር ሠላሳ ዓመት ቡና ተጣጥተዋል። ሦስት ሳምንት ቡና ሳይጠራሩ ቀሩ። ጀበናው ይፈላል፣ ግን «ኧረ ቡና ጠጡ!» የሚል ድምፅ የለም፣ ግቢው ለቅሶ የተቀመጠ ይመስል ነበር።

ከዛ አንድ ቀን የተከራይዋ ልጅ፣ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ስለ እንቁላሉ ሲወራ ሰምቶ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እኔ ነኝ እኮ፣ ተሰንጥቆብኝ ክር አሰርኩለት።» ከዶሮዋ ጎጆ ሲያወጣ ወድቆበት፣ እናቱ እንዳትገርፈው ብሎ በልብስ መስፊያ ክር ጠቅልሎ ደብቆት ነው። እናቴ በዛው ሰዓት ነጠላዋን ሳታስተካክል ተሻግራ ሄደች። እማማ በር ላይ ቆመው «እኔማ የታመምሽ መስሎኝ ነበር፣ ልጠይቅሽ እያልኩ ፈራሁ፣ አብሽሪ ግቢ» አሏት። ምንም አልጠየቁም።

መተት የሚባል ነገር የለም እያልኩ አይደለም፣ መጽሐፍ ቅዱስም አስማተኞችን ያነሳል። ግን ከመቶ ጥርጣሬ ስንቱ እንቁላል ነው? ለሦስት ሳምንት የሁለት ቤት ሰላም የወሰደው መተት ሳይሆን የእናቴ እይታ ነው፣ እሷም ራሷ ነው እንዲህ የምትለው። ስለዚህ የጠረጠርከውን ሰው ስም ለማንም ሳትናገር ለንስሐ አባትህ ብቻ ንገር፣ ጸልይ፣ ሰላምታውን ግን አታቋርጥ።

ቲክቶክ ላይ አጥማቂዎች መንፈሱን «ማን ላከህ?» ብለው ሲጠይቁት ስም ይናገራል፣ ይሄስ ውሸት ነው?

ጌታ ስለ ዲያብሎስ «ሐሰተኛ የሐሰትም አባት» ነው ያለው፣ ዮሐንስ 8 ላይ። ታዲያ የሐሰት አባት ማይክ ተይዞለት «አክስቷ ናት ያሠራችባት» ሲል እንዴት እንደ ፍርድ ቤት ምስክር እንቀበለዋለን? አንዳንዱ «ጌታስ ስምህ ማን ነው ብሎ ጠይቆ የለም ወይ» ይለኛል፣ አዎ ጌርጌሴኖን ላይ ጠይቋል፣ ሌጌዎን አለ፣ ብዙ ነበሩና፣ ከዛ ወጡ አለቀ። ኢንተርቪው አላደረገውም፣ ጎረቤት ማን እንደሆነም አልጠየቀውም። ቅፍርናሆም ላይ ደግሞ እውነት ሲናገር ራሱ «ዝም በል» ነው ያለው።

ሌላው የታመመን ሰው ፊቱን፣ ልብሷ የተገለጠባትን ልጅ፣ ቀርጾ ለሕዝብ መልቀቅ በምንም መንገድ መንፈሳዊ አይደለም። ነገ ድና ሥራ ስትፈልግ ያ ቪዲዮ ይቀድማታል። እኔ እንደዚህ ዓይነት ቦታ ቤተሰቤን አልወስድም። ጸበል ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ በቄስ፣ በጸሎት፣ ያለ ካሜራ ነው፣ ብዙ ደጋግ አባቶች አሉን እኮ።

እኔ ራሴ መንፈስ መገሰጽ እችላለሁ?

በስሙ ማማተብና መጸለይ ለሁሉም ነው። ወጥቶ ላስወጣ ማለት ግን ሌላ ነው፣ ሐዋርያት ሥራ 19 ላይ የአስቄዋን ሰባት ልጆች አንብብ፣ በኢየሱስ ስም መንፈስ ላስወጣ ብለው ሞክረው ቆስለው ራቁታቸውን ነው ከቤቱ የሸሹት።

ሌሊት የሚጫነኝ ነገር አለ፣ እነቃለሁ ግን መንቀሳቀስ አልችልም፣ ሰይጣን ነው?

ዱካክ ነው። የኢንዱስትሪ ፓርኩና የፋብሪካው ሺፍት ሠራተኞች በብዛት ይጠይቁኛል፣ በአጋጣሚ አይመስለኝም። ሐኪሞች ስሊፕ ፓራሊሲስ ይሉታል፣ አእምሮ ሲነቃ ሰውነት ገና ከእንቅልፉ ሳይፈታ ሲቀር ነው፣ ደረት ላይ ክብደት ይሰማሃል፣ ክፍሉ ውስጥ ሰው ያለ ይመስልሃል፣ ከሰከንዶች እስከ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይለቃል። እንቅልፍ ሲዛባ፣ ሲጎድል፣ በጀርባ ሲተኛ ይብሳል። አንድ ሳምንት ቀን አንድ ሳምንት ሌሊት የሚሠራ ሰው ባይመጣበት ነው የሚገርመው።

አትጸልይ አልልህም፣ በተቃራኒው ከመተኛትህ በፊት አማትብ፣ «በልዑል መጠጊያ የሚኖር» የሚለውን መዝሙር ድገም፣ በልብህ «ኢየሱስ» በል፣ ፍርሃቱ ይቀንሳል። ግን በጎንህ ተኛ፣ የምትተኛበትን ሰዓት አስተካክል። ደጋግሞ ካስቸገረህ ሐኪም አማክር።

ሐኪም ወይስ ጸበል?

ለምን «ወይስ»? አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነታቸው ዘመን የኤችአይቪ መድኃኒት እየወሰዱ ጸበል መጠመቅ እንደሚቻል ተናግረው ነበር፣ ያኔ መድኃኒታቸውን ጥለው ጸበል የሚሄዱ ስለነበሩ። የሚጥል በሽታም ያው ነው፣ የስኳርም ያው ነው፣ የአእምሮ ሕመምም ያው ነው። ሉቃስ ሐኪም ነበር፣ ወንጌልም ጽፏል። ጸበል ቦታ ላይ መድኃኒትህን ጣል የሚልህ ሰው ካለ ከዛ ቦታ ውጣ፣ ንስሐ አባትህን ጠይቅ።

አንድ ነገር ግን ሳላልፍ፣ «ሙት ሙት» የሚል ሐሳብ የሚመላለስበት ሰው ካለ ብቻውን አይሁን፣ ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ይናገር፣ ሆስፒታል ይሂድ፣ አብራችሁት ሂዱ። «እምነትህ ስላነሰ ነው» እንዳትሉት በእግዚአብሔር።

ክታብ ብይዝስ? የእግዚአብሔር ስም ነው የተጻፈበት ብለውኛል።

እዛው ኤፌሶን ከተማ ጳውሎስ ሲሰብክ አስማት የሚያደርጉት ሰዎች መጽሐፎቻቸውን ሰብስበው በሰው ሁሉ ፊት አቃጠሉ፣ ዋጋው ሲሰላ 50,000 ብር። አማርኛው ብር ቢልም የኛ ብር አይደለም፣ አንዷ የብር ሳንቲም የአንድ ቀን ሠራተኛ ደሞዝ አካባቢ ናት፣ እና 50,000 የሥራ ቀን ማለት ነው አስበው። ሸጠን ለድሃ እንስጥ ራሱ አላሉም። ጳውሎስ ኤፌሶን 6 ላይ ስለ እግዚአብሔር ዕቃ ጦር የጻፈው ለዚህች ከተማ ሰዎች ነው፣ የአስማት መጽሐፋቸውን ላቃጠሉት። የእግዚአብሔር ስም ከማይገባህ ምልክትና ከጋኔን ስም ጋር ተሰፍቶ ከተሰጠህ ለቄስ አሳይ፣ ወሎ ውስጥ ይሄ ነገር በሁለቱም እምነት በኩል የቆየ ልማድ ስለሆነ ሰው እንደ ጌጥ ነው የሚያየው።

ቀን ቀን ሁሉም ነገር ያስጠላኛል፣ ጸሎቱም ጾሙም፣ ሰልችቶኛል።

መዝሙር 90 ላይ (ፕሮቴስታንት ወንድሞቻችን ጋ 91 ነው) «የቀትር ጋኔን» የሚል አለ። የግብፅ በረሃ መነኮሳት ይሄን ስልቸታ ብለው ነው የተረጎሙት። መነኩሴው እኩለ ቀን ላይ ከበኣቱ እየወጣ ፀሐይዋን ያያል፣ ዘጠኝ ሰዓት ደረሰ ወይ፣ ያኔ ነው የሚበላው፣ ቀኑ 50 ሰዓት ያህል ይረዝምበታል፣ ከዛ ቦታው ያስጠላዋል፣ ወንድሞቹ ያስጠሉታል፣ ሌላ ገዳም ብሄድ ይሻለኝ ነበር ይላል። ኮምቦልቻ ላይ በዐቢይ ጾም ሰባት ሰዓት ላይ የሠራ ሰው ይሄን ማስረዳት አያስፈልገውም፣ ሙቀቱ ቆርቆሮውን ሲያጮኸው እኔም በየአምስት ደቂቃው ሰዓት ነው የማየው፣ ቅዳሜ ሳይደርስ ሥራ ልቀይር ብዬ ሦስቴ ወስኛለሁ።

አባቶች የሚሰጡት ምክር በጣም ተራ ነገር ነው፣ ካለህበት አትነሳ፣ እጅህን ሥራ ስጠው፣ ጸሎቱን አሳጥረው እንጂ አትተወው። ጾሙ ከሥራህ ጋር አልገጥም ካለ ወይም መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ደግሞ ራስህ አትወስን፣ ንስሐ አባትህ ያቀልልሃል።

ጸሎት ስጀምር ሐሳቤ ይበተናል።

የሁሉም ይበተናል። መልሰህ አምጣው፣ እንደገና ይሄዳል፣ እንደገና አምጣው። መቁጠሪያ ለዚህ ነው።

በ2014 የሆነብንንስ? እነዛም ሥጋና ደም ናቸው ልትለኝ ነው?

ይሄን የጠየቀኝ ልጅ ወንድሙን ያጣ ነው፣ ስለዚህ ቶሎ አልመለስኩለትም። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ደሴም ኮምቦልቻም በጦርነቱ ተይዘው ያሳለፍነውን የምናውቅ እናውቀዋለን፣ ማንም ከሩቅ ሆኖ «ይቅር በል» ሲለኝ እኔም አልወድም። ፍርድ ይሰጥ ማለት ኃጢአት አይደለም፣ ማልቀስም አይደለም። ግን አዎ፣ ጳውሎስ ያንን የጻፈው ሥጋና ደም የሆኑ ወታደሮች በሰንሰለት አስረውት እያለ ነው፣ እነሱን ጠላቴ አላለም። ለልጁ ያልኩት ይቅር በል አይደለም፣ «ስለ እነሱ መጸለይ ካቃተህ፣ ስለ እነሱ መጸለይ አቃተኝ ብለህ ጸልይ» ነው። ወር አካባቢ ቆይቶ «እሱን እያልኩ ነው» አለኝ። ከዛ ወዲህ አልጠየቅኩትም።

አንድ ኃጢአት ደጋግሜ እወድቅበታለሁ፣ እግዚአብሔር የተወኝ ይመስለኛል።

አባ እንጦንስ ገና በወጣትነቱ መቃብር ቤት ውስጥ አጋንንት ደብድበው ደብድበው መሬት ላይ ጥለውት ነበር፣ ከዛ ብርሃን ሲያይ ጌታን «የት ነበርክ? ለምን ከመጀመሪያው አልመጣህም?» ብሎ ጠየቀው። መልሱ እዚሁ ነበርኩ፣ ተጋድሎህን እያየሁ ነበር የሚል ነው። እኔ ይሄን ታሪክ የምወደው እንጦንስ ስለጠየቀ ነው፣ ቅዱስ ሆኖም የት ነበርክ ብሏል።

በተግባር ግን ከወደቅክ በኋላ ያለችው ሰዓት ከመውደቁ በላይ ታሰጋኛለች። ሽንገላው ቃናውን ይቀይራል፣ ከመውደቅህ በፊት «ምንም አይደለም፣ መሐሪ ነው» ሲልህ የነበረው ከወደቅክ በኋላ «አንተማ አትማርም፣ ምን ፊት አለህ» ይልሃል። ያው አንድ ድምፅ ነው። ነገ እነግራቸዋለሁ ሳትል ለንስሐ አባትህ ደውል፣ አስር ጊዜም ቢሆን አባቶች አይሰለቹም፣ ቢሰለቹም አይነግሩህም።

ግሸን ብሄድ ይለቀኛል?

ሂድ፣ ለምን አትሄድም፣ አፍንጫችን ሥር አምባሰል ላይ ተቀምጦ ሰው ከስንት አገር ይመጣል። በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የጌታ ግማደ መስቀል ያረፈበት፣ ራሱ አምባው መስቀል ቅርጽ ያለው ቦታ ነው። ግን ከመሄድህ በፊት ንስሐ ግባ፣ የተጣላኸው ሰው ካለ ታረቅ፣ ተራራ ላይ ያለው እግዚአብሔር ሰኞ ገበያም አለ። መስከረም 21 ከሆነ የምትሄደው መውጫው አንድ በር ስለሆነ ግፊያው ሌላ ነው፣ እናትህን ይዘህ ከሆነ ከዋዜማው ቀደም ብለህ ውጣ። ብርድ ልብስ ደግሞ አትርሳ፣ እኔ የመጀመሪያ ጊዜ በነጠላ ብቻ ሄጄ ሌሊቱን ሙሉ የጸለይኩት ፀሐይ ትውጣ ብቻ እያልኩ ነው።